ማንም የማያንጎራጉረው ዜማ

ባጃጁ ከወረታ መናኸሪያ ወጥቶ የሩዝ መፈልፈያዎቹን ሳያልፍ «እዘይኝ» ጀመረ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ በጃንጥላቸው እጀታ የሾፌሩን ትከሻ ነካ አደረጉና፣ «አንተ ልጅ፣ እችን እለፋት» አሉት።

«ምነው እትዬ? ያገርዎ ልጅ አይደለች እንዴ?»

«እለፋት አልሁህ። ከሷ ወዲያ ያለችውን ክፈት። ሌላው ሁሉ ያምራል።»

ሾፌሩ ትከሻውን ሰብቆ አለፋት። የእኔ ጆሮ ግን ቆመ። ወረታ ከገባሁ ጀምሮ ሰውን ሁሉ «ይህን ዘፈን ለምን ታልፉታላችሁ?» እያልኩ ስጠይቅ ነበር።

«እዘይኝ» ሰገን ውበቱ ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ካወጣችው የመጀመሪያ አልበሟ፣ ከ«ውሃ ልክ»፣ አራተኛው ዘፈን ነው። ግጥሙም ዜማውም የራሷ ነው። አልበሙ ሲወጣ አሳታሚው እንኳን ብዙ አልጠበቀም። ከዚያ ክረምቱ መሀል ላይ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ታክሲ ውስጥ «ውሃ ልክ»፣ ጂም ውስጥ «ውሃ ልክ»፣ የልደት ኬክ ሲቆረስ «ውሃ ልክ»። በተለይ «እዘይኝ»። ግጥሙ አጭር ነው፤ ከግጥሙ በኋላ ቃል የሌለው፣ ከላይ ጀምሮ እየተንከባለለ የሚወርድ ዜማ ይመጣል። አንዴ የሰማው ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሳህን ሲያጥብ ሲያንጎራጉረው ይከርማል።

እኔ ነፃነት እባላለሁ። አባቴ ከደብረ ማርቆስ ተዛውሮ የመጣ አስተማሪ ስለሆነ የተወለድኩት ወረታ ነው። ሰገን ከጉማራ ወንዝ ዳር ካለው ሜዳ መጥታ አክስቷ ቤት ከገባች ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ተምረናል። እሷ ዘፋኝ ሆነች፤ እኔ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነት ተማርኩ። አሁን ገጿን የማንቀሳቅሰው፣ ስልኳን የማነሳው፣ «ቃለ መጠይቅ በነጻ አንሰጥም» የምለው እኔ ነኝ።

ክረምቱ ሳይገባ ወረታ ላይ ኮንሰርት ልናዘጋጅ ነበር፤ ባገሯ የመጀመሪያዋ። ሰገን አንድ ነገር ብቻ ፈለገች። እናቷ እትዬ ጸሐይነሽ ፊት ወንበር ላይ እንዲቀመጡ። እትዬ ጸሐይነሽ በስልክ «አልመጣም፤ ደህና ሁኑ» ብለው ዘጉ። ሰገን መልሳ ደወለች፤ ተዘግቷል። በማግስቱም እንዲሁ።

«እናቴ ካልመጣች አልዘፍንም» አለችኝ። «አንቺ ሂጂና ጠይቂያት። መቼም ሰው ሳይነግርሽ አትመለሺም።»

ይህ ምስጋና ይሁን ስድብ አልጠየቅኳትም። ብቻ ሄድኩ። መልስ ያላገኘ ጥያቄ ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ነው የሚሆንብኝ።

«እትዬ» አልኳቸው ባለ ጃንጥላዋን፤ «ዘፈኑ ምን አደረገዎት?»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንች የማን ነሽ?»

«የሰገን ጓደኛ ነኝ። ወደ እናቷ ነው የምሄደው።»

«እ! ነፃነት ነሻ! የመምህሩ ልጅ። እኔ ይታይሽ ነኝ፤ የጸሐይነሽ ጎረቤት።» ወዲያው ፈገግታቸውን መለስ አደረጉት። «ዘፈኑማ ያምራል። እንዲያውም ጥፋቱ ማማሩ ነው።»

«እንዴት?»

«እንዴት ብየ ልንገርሽ? እናቷን ጠይቂ። እኔ ከጎረቤቴ አፍ ቀድሜ አላወራም።» ከዚያ እስክንወርድ ድረስ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ አማቻቸው ስካርና ስለ ሌላው ጎረቤታቸው ሁሉ አወሩኝ።

ከአስፋልቱ ወደ ጣና በኩል ተገንጥለን በእግር ገባን። ግንቦት ማለቂያው ላይ ነበር። ዋልካው መሬት እጅ እስኪያስገባ ተሰነጣጥቋል፤ የሩዙ ማሳ ሁለተኛ ታርሶ ዝናብ ይጠብቃል። ቤቶቹ ሁሉ አፈር ተከምሮ ከፍ በተደረገ መደብ ላይ ናቸው። የሰፈሩ ስም ጨፌ አቦ ነው፤ ከወንዙ በኩል ላይ ጨፌ፣ ከሐይቁ በኩል ታች ጨፌ ያዋስኑታል። የእትዬ ጸሐይነሽ ቤት ከጨፌ አቦ ቤቶች ሁሉ ለጉማራ ወንዝ የቀረበው ነው።

እትዬ ጸሐይነሽ ክንዳቸው ድረስ ጭቃ ሆነው የጎተራውን መቀመጫ ከፍ ያደርጋሉ። ጉንጬን በትከሻቸው ነክተው ሳሙኝ።

«ከስተሻል» አሉ። «እሷም ከስታለች?»

«እሷ ወፍራለች። እትዬ፣ ለምንድን ነው የማይመጡት?»

«ተቀመጭ መጀመሪያ። ምን ያስቸኩልሻል?»

«የኮንሰርቱን ቦታ ፈቃድ በዚህ ሳምንት ማስገባት አለብን።»

ጭቃውን መታ መታ አደረጉት። «እስቲ እችን ዘፈን ዝፈኛት።»

ድምፄ ለምንም አይሆንም፤ ግን መልስ ከፈለግሽ ትዘፍኛለሽ። ግጥሙን አልኩት። ቃል ወደሌለው ቦታ ስደርስ በጭቃ እጃቸው አፌን ሊይዙኝ ትንሽ ቀራቸው።

«ተይ! ጮክ አትበይ! ይታይሽ፣ ሰው ሰማ?»

«ይችን? ይችንማ ማንም አይሰማት» አሉ እትዬ ይታይሽ። «የታነቀች ዶሮ ነው የመሰለች።»

«ነገሩ ይኸውልሽ» አሉ እትዬ ጸሐይነሽ፤ እጃቸውን ታጥበው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። «እሱ ዘፈን አይዶለም። የውሃ ጥሪ ነው።»

ከዚያ አስረዱኝ። ዝናቡ የሚጥለው ጉና ተራራ ላይ ነው። እዚህ ሜዳው ላይ ፀሐይ እያቃጠለ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ጉማራ በድንገት ደፍርሶ ይመጣና ዳርቻውን ሰብሮ ይተኛበታል። ስለዚህ ወንዙ ሲነሳ መጀመሪያ ያየው የላይ ጨፌ ሰው ይጣራል። ጥሪው ቃል የለውም። ቃል ነፋስ ይበላዋል፤ ዜማው ነው የሚደርሰው። የሰማ ሰው ከብቱን ከመፍታቱ በፊት፣ ልጁን ከማንሳቱ በፊት፣ መጀመሪያ መደቡ ላይ ቆሞ ለሚቀጥለው ሰፈር ያቀብላል። ሳያቀብል የሮጠ ሰው ሠርግም ሐዘንም ላይ አይጠራም። የጨፌ አቦ አቀባይ እትዬ ጸሐይነሽ ናቸው፤ ከአማታቸው ነው የወረሱት።

«ስልክ እያለ?» አልኩ።

«ሐምሌ ላይ መብራት የለም። ስልኩ ቻርጅ ሊደረግ ወረታ ሄዶ እዚያው ነው የሚከርመው። ደግሞ ስልክ አንድ ሰው ነው የሚጠራ። ይኸ ላሟንም ያስነሳታል።»

«እውነቷን ነው» አሉ እትዬ ይታይሽ። «የኔዋ ቦራ ጥሪውን ስትሰማ ገመዷን ራሷ ትስባለች።»

«እና ባለፈው ክረምት ምን ሆነ?»

እትዬ ጸሐይነሽ ከመጀመሪያው አወጉኝ። ሐምሌ ላይ አንድ ዕቃ የሚያስተዋውቅ መኪና አስፋልቱ ዳር ቆሞ በሞንታርቦ «እዘይኝ»ን ለቀቀው። ነፋሱ ከዚያ በኩል ነበር። ግጥሙ ቀርቶ ያ ቃል አልባው ብቻ መጣ። ላይ ጨፌዎች ሰምተው አቀበሉ፤ እትዬ ጸሐይነሽም አቀበሉ። ሰፈር በሰፈር እስከ ሐይቁ ድረስ ከብቱ ሁሉ ተፈታ፤ ሽማግሌው በቃሬዛ፣ ሕፃኑ በጀርባ ወደ ተረተሩ ወጣ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ወንዙም አልተነሳም። ተሳሳቁና ተመለሱ። ከዚያ ደግሞ የተማሪዎች ስልክ ሌላ ቀን እንዲሁ አስሮጣቸው። ያኔ የሳቀ የለም።

«የልጅዎን ድምፅ አላወቁትም?»

«ጥሪ ስሰማ የማን ድምፅ ነው ብየ አላውቅም። እግሬ ነው የሚሰማው።»

ነሐሴ ላይ፣ ከቀትር በኋላ፣ የእውነቱ መጣ። እትዬ ጸሐይነሽ ቆመው ጠሩ። ታች ጨፌ ላይ አቀባዩ አያ ውባየሁ ነበሩ። ቆሎ እየበሉ ተቀምጠው፣ «እችን ዘፈንስ ጠገብናት» አሉ ይባላል። ውሃው ሲገባ ሁለት ላሞቻቸውና ጥጃዋ እንደታሰሩ ቀሩ። ሰው አልሞተም። አያ ውባየሁ ግን እስኪነጋ ድረስ ጣራ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸው ተያዘ፤ ወንዛዬ ፍል ውሃ ቢመላለሱም አልተመለሰላቸውም።

«ውባየሁ ከዚያ ወዲህ ሰላም አይለኝም» አሉ እትዬ ጸሐይነሽ። «እውነት አለው። ዘንድሮስ ብጣራ ማን ይሰማኛል? ሰኔ ሊገባ ነው።»

«ለሰገን ለምን አልነገሯትም?»

«ምን ብየ? ‹አገር የወደደልሽ የኔን አፍ ነው› ብየ? ልጅቱ ስንት ለፍታ!»

«ግን እሷ ጥሪ መሆኑን አታውቅም እንዴ? እዚሁ አይደል ያደገችው?»

«ሕፃን ናት፤ ወረታ የላክኋት በትንሽነቷ ነው። ያን ጊዜ ስጠራ እሷን አዝዬ ነው የምጠራ። ከዚያ እሮጣለሁ። እሷ እንቅልፏን ነው የምትተኛ።»

የዘፈኑ ስም ለምን «እዘይኝ» እንደሆነ ብዙ ጋዜጠኛ ጠይቋት፣ «እንዲሁ መጣልኝ» ስትል ሰምቻለሁ። እኔ ራሴ «ስለ ፍቅር ነው» ብዬ ገጹ ላይ ጽፌያለሁ። መልሱ እዚህ ጭቃ ላይ ተቀምጦ ኖሯል።

ጉብታው ላይ ወጥቼ፣ ኔትወርክ እስኪገኝ ስልኬን እንደ ጧፍ ይዤ ዞርኩና ለሰገን ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ንግግር መቁረጥ የምትወድ ልጅ ናት፤ ያን ቀን ግን አንድም ጊዜ አላቋረጠችኝም።

«ላጥፋው» አለች በመጨረሻ።

«ምኑን?»

«ዘፈኑን። ከሁሉም ቦታ ላስነሳው።»

«ሰገን፣ የባጃጅ ሾፌር ሁሉ ፍላሽ ላይ አለ። አገር ምድሩ አፍ ላይ አለ። ምኑን ነው የምታስነሺው?»

«እሺ ነገ እመጣለሁ» አለችና ዘጋች። እንደ እናቷ።

በማግስቱ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ወርዳ፣ ሐሙሲት ላይ ሚኒባስ ቀይራ፣ ፊቷን በሻሽ ሸፍና መጣች። እንዳያውቋት ነው። ከአስፋልቱ ጀምሮ ሕፃናት ተከትለዋት ነበር። እናቷ በር ላይ ቆመው አዩዋት። ሰገን አፏን ልትከፍት ስትል እንባዋ ቀደማት።

«ኋላ ታለቅሻለሽ» አሏት እትዬ ጸሐይነሽ። «አሁን ግቢ። ሰው ጠርቻለሁ።»

የተጠሩት እትዬ ይታይሽና የሰፈሩ ሽማግሌ አያ አለምነህ ነበሩ። አያ ውባየሁ ተልኮባቸው «ከዘፋኝ ጋራ ጉዳይ የለኝም» ብለዋል። ጥያቄው አንድ ነው፤ የድሮው ጥሪ ከተበላሸ በምን እንጠራራ? ነገሩ ለእኔ ቀላል መሰለኝ።

«የቤተክርስቲያኑ ደወልስ?» አልኩ።

«ደወሉ የአቦ ነው» አሉ አያ አለምነህ። «ሲመታ ሰው ሊሳለም ይሄዳል እንጂ ከብት አይፈታም።»

«ጥሩምባ?»

«ጥሩምባ የዕድር ነው። ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቆ ‹ማን ሞተ?› እያለ ይመጣል። ውሃው እዚያው ያገኘዋል።»

«ቆርቆሮ መምታት?»

«ለወፍ» አሉ እትዬ ይታይሽ። «ሩዝ ሲያፈራ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ነው። እንኳን ሰው ወፉም አይሰማው።»

«እልልታ? እሪታ?»

«እልልታ ለደስታ፣ እሪታ ለጠብ። እሪ ሲባል ወንዱ ሁሉ ዱላ ይዞ ነው የሚወጣ። ውሃውን ሊመታው ነው?»

«ጥይት» አልኩ፤ ትዕግሥቴ እያለቀ።

አያ አለምነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጀ፣ ዘንድሮ ጥይት የሰማ ሰው ገብቶ በሩን ነው የሚዘጋ።»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ በእውነት የገረመኝ። ያ ሁሉ ሜዳ ጸጥ ያለ ይመስላል፤ ግን ባለቤት የሌለው ድምፅ አንድም አልቀረም። አዲስ ድምፅ መፍጠር ነው ያለው መፍትሔ። ሁላችንም ወደ ሰገን ዞርን።

«እሺ» አለች። ትንሽ ደስም ያላት መሰለኝ። ዜማ መሥራት ሥራዋ ነው።

በማግስቱ ጠዋት መደቡ ላይ ቆማ የመጀመሪያውን አሰማችን። ልቀዳት ስልኬን አወጣሁ፤ ዞር ብላ ሳታየኝ «አስገቢው» አለችኝ። አስገባሁት። ድምፁ ያምር ነበር፤ ረጅም፣ ከፍ ብሎ ዞር የሚል። አያ አለምነህ ራሳቸውን ነቀነቁ። እትዬ ጸሐይነሽ ምንም ሳይሉ ጎተራቸውን መረጉ። ምሳ ሳይደርስ ውሃ የሚቀዱት ልጆች ሁሉ ይሉት ጀመር፤ አንዷማ ግጥም አስገብታበታለች።

«ይኸ አይሆንም» አሉ እትዬ ጸሐይነሽ። «ይኸ ይዘፈናል።»

ሁለተኛውን አጭርና ደረቅ አድርጋ ሠራችው። ከሰዓት በኋላ እትዬ ይታይሽ ሩዝ እየነፉ ወንፊቱን በዚያው ምት ሲነቀንቁ ያዝኳቸው።

«እትዬ ይታይሽ፣ እያዜሙት ነው እኮ።»

«እኔ? መች? ቀጣፊ!» አሉና ወዲያው ደግመው አዜሙት።

ሦስተኛውም፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም እንዲሁ ሆነ። ሰገን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሻሿን ታጣምማለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ከማጽናናት ይልቅ የማይገባኝን ጠየቅኳት። ማጽናናት አልችልበትም።

«ዜማ ሰው አፍ ላይ የሚጣበቀው በምኑ ነው?»

«በምኑ ማለት?»

«እኔ እንጃ። አንቺ ስትሠሪው የምታደርጊው ነገር አለ አይደል?»

አሰበች። «ወደ ቤቱ መልሰዋለሁ» አለች። «ከአንድ ቦታ ይነሳል፣ ይዞራል፣ ከዚያ ወደ ተነሳበት እመልሰዋለሁ። ሰው ሲመለስለት ደስ ይለዋል፤ ደግሞ ይለዋል።»

«አትመልሺው ታዲያ።»

«ሳልመልሰው? እንደዚያማ ጆሮ ያማል።»

«ይመም!»

አየችኝ። ከዚያ ተነስታ ትንሽ ተንጎራደደች። «ድምፄ የሚሰበርበት ቦታ አለ» አለች። «ከፍ ስል፣ እዚህ ጋ።» ጉሮሮዋን ነካች። «አዲስ አበባ እሱን ለማስተካከል ነው ያን ሁሉ ጊዜ የተማርኩት። እንዳይሰበር እንዴት እንደማልፈው።»

«እዚያው ላይ ቁሚበት።»

መደቡ ላይ ወጣችና ጀመረች። እንዴት እንደነበረ ልጽፈው አልችልም። ከማንኛውም ቅኝት ውጪ ነው፤ ከፍ ይላል፣ ይሰነጠቃል፣ እንደተሰነጠቀ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሲያልቅ ያለቀ አይመስልም፤ አንድ ነገር ጎድሎ ቆመሽ ትቀሪያለሽ። ከበረቱ አንድ ጥጃ ጮኸ። ዶሮዎቹ ተበታተኑ። እትዬ ይታይሽ ከቤታቸው ወንፊታቸውን እንደያዙ እየሮጡ ወጡ።

«ምንድን ነው? ምን መጣ?»

«ምንም አልመጣም እትዬ።»

«ውይ ልቤን! ምን ጉድ ነው እሱ?»

እትዬ ጸሐይነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ጭቃውን ተዉት። «ድገሚው» አሉ።

ደገመችው። ልጆቹ እየሳቁ ሊመስሉት ሞከሩ። ጉሮሯቸውን ቧጠጣቸውና አሳላቸው፤ ሲያስሉ ሳቁ፤ ከዚያ ወደ ኳሳቸው ተመለሱ። እስከ ማታ ጠበቅን። አንድም ሰው አላንጎራጎረውም። እኔ ራሴ ሆን ብዬ በልቤ ልለው ሞከርኩ፤ አስታውሰዋለሁ፣ ግን ልለው አልፈለግኩም።

«ያችኛዋን ግን ዝፈኛት» አሏት እናቷ እራት ላይ። «ወረታ ላይ፣ በሞንታርቦ፣ አገር እስኪጠግባት። ዘፈን መሆኗ ይለይላት። ከእንግዲህ ለኛ አትሆንም።»

«ትመጫለሽ?»

«ይኸ ታች ጨፌ ከደረሰና ውባየሁ ካቀበለ እመጣለሁ። ካላቀበለ ምን ልሠራ እመጣለሁ? ክረምቱን እዚህ ቁጭ ብየ ውሃ ነው የምጠብቅ።»

አያ ውባየሁ ካላቀበሉ ከሳቸው ወዲያ ያሉት ሰፈሮች ሁሉ ደንቆሮ ናቸው። ስለዚህ እትዬ ይታይሽ ወደ ታች ጨፌ ወርደው ነገሩን አስረዷቸው፤ ከዚያ ወዲያ ላሉት ሰፈሮችም አዲስ ጥሪ እንደተሠራ አስነገሩ። ረቡዕ ረፋድ ላይ ሙከራ ይደረጋል፤ የሰማ አቀብሎ ነጠላ በሸንበቆ ላይ ይስቀል። አያ ውባየሁ መልስ አልሰጡም። «ጀርባውን ነው የሰጠኝ» አሉ እትዬ ይታይሽ። «ቆሎ ግን ሰጥቶኛል።»

ረቡዕ ረፋድ ሁላችንም መደቡ ላይ ወጣን። የሚጠሩት እትዬ ጸሐይነሽ ናቸው፤ ሰገን ስታስተምራቸው ነበር የከረመችው። መማር ብዙ አላስፈለጋቸውም፤ የእሳቸው ድምፅ በራሱ የተሰነጠቀ ነው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፤ መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉና ጠሩ።

ድምፁ ሜዳው ላይ ሄደ። ከሰገን አፍ ከወጣውም የከፋ ነበር።

ጠበቅን። ታች ጨፌ በዓይን ይታያል፤ ባሕር ዛፎቹና የቤቶቹ ቆርቆሮ በሙቀቱ ይንቀጠቀጣሉ። ነጠላ የለም። እትዬ ጸሐይነሽ እጃቸውን ዓይናቸው ላይ እንደጋረዱ ቆመዋል። ሰገን ጥፍሯን ትበላለች።

«ምናልባት ነፋሱ ይሆናል» አልኩ።

«ነፋሱ ወደዚያ ነው» አሉ አያ አለምነህ።

«ምናልባት ማሳ ወርደው ይሆናል።»

«ልጀ፣ ዝም በይ እስቲ።»

ዝም አልኩ፤ ከባድ ነው። ነጠላ አልተሰቀለም። እትዬ ጸሐይነሽ ነጠላቸውን ከወገባቸው ፈቱና ትከሻቸው ላይ ጣሉት። ሰገን ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። ልንወርድ ስንል እትዬ ይታይሽ ክንዴን ያዙኝ። ከታች ጨፌ በኩል፣ በታረሰው ማሳ መሀል፣ አንድ ሰው እያነከሰ ይመጣል። ዱላውን ከመመርኮዝ ይልቅ ወደ ሰማይ ያወናጭፈዋል።

አያ ውባየሁ ነበሩ። ገና ሩቅ ሆነው መሳደብ ጀመሩ።

«ማንን ነው ያረዳችሁት?» አሉ። «እ? ምኑን ነው ያረዳችሁት? ላም ስትወልድ እንኳ እንደዚህ አትልም!»

«ውባየሁ» አሉ እትዬ ጸሐይነሽ፤ ድምፃቸው ቀስ አለ። «ሰማኸው?»

«ሰማኸው ትለኛለች! የሞተው አባቴ ሳይሰማው አልቀረም! በረት እየጠረግሁ ነው። ይታይሽ ‹ሙከራ ነው› ብላኛለች፤ አውቃለሁ። እግሬ ግን ረሳው። መደቡ ላይ ወጥቼ ጮኼ፣ ጊደሯን ፈትቼ፣ ተረተሩ ግማሽ ላይ ስደርስ ነው ‹አሃ፣ እነዚህ ሰዎች› ያልሁት።»

«አቀበልኸው?»

«አላቀብል? እንዴት ብየ ልንቀሳቀስ? ከኔ ወዲያ ያለው አገር ሁሉ አሁን ከብቱን ይዞ ተረተር ላይ ቆሟል። ሄዳችሁ አውርዷቸው! እኔ ጉልበት የለኝም።»

«ነጠላውስ?» አልኩ።

«የምን ነጠላ?» አሉ። ከዚያ ትዝ አላቸው። «እሱን ማን ያስታውሳል።»

እትዬ ጸሐይነሽ ተቀመጡ። እዚያው መሬት ላይ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ አላየሁም።

አያ ውባየሁ ዱላቸውን ተክለው ዙሪያውን ቃኙ። «ማነው የሠራው ይኸን?»

ሰገን እጇን አወጣች፤ ክፍል ውስጥ እንደምታወጣው። «እኔ ነኝ አያ ውባየሁ።»

«አንች? ያች ዘፋኟ?»

«አዎ።»

«ያን የመሰለ ዘፈን የሠራሽው አንች፣ ይኸንንም አንች?»

«አዎ።»

ትክ ብለው አዩዋት። ይቆጧታል ብዬ ጠበቅኩ፤ ስለ ላሞቹ፣ ስለ ጥጃዋ። ሰገንም የጠበቀችው እሱን ነው፤ ራሷን ዝቅ አድርጋ ቆማለች።

«አስቀያሚ ነው» አሉ። «በዕድሜየ እንዲህ ያለ አስቀያሚ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ይኸንን እንኳ አልበም ላይ እንዳታስገቢው።»

ሰገን ያን ዓመት ሙሉ ያልሰማችው ሙገሳ የለም። ፊቷ እንደዚያ ሲበራ ግን አይቼ አላውቅም።

«አያ ውባየሁ፣ ሲያቀብሉት በትክክል አሉት?» አለቻቸው።

«ምኑ ትክክል አለው? እንዲያው ጮህሁ እንጂ።»

«እስቲ ይበሉት። አንድ ሰፈር ላይ ከተበላሸ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሆኖ ነው የሚደርስ።»

«እዚህ? እናንተ ፊት?»

«በለው እንጂ» አሉ እትዬ ጸሐይነሽ፤ ከመሬት ሳይነሱ። «ከኔ ፊት ታፍራለህ?»

ከነሐሴ ወዲህ አንድ ላይ ሲነጋገሩ ያ ቀን የመጀመሪያቸው ነበር። አያ ውባየሁ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ጀመሩት። ከፍ አሉ፣ ተሰነጠቁ፣ ልክ ነው። ተንጠልጥሎ መቅረት ያለበት ቦታ ሲደርሱ ግን ዓይናቸውን ጨፈኑና፣ ሳያውቁት፣ ቀስ አድርገው ዞር አድርገው ወደ ተነሱበት መለሱት። ያምር ነበር። ከኋላችን አንዲት ልጅ አንገቷን እየወዘወዘች ተቀበለቻቸው።

«አያ ውባየሁ!» አለች ሰገን በድንጋጤ። «አሳመሩት እኮ! እንደገና።»